«በሩ ክፍት ነበር» ምክንያት አይሆንም፦ የሀኪንግ ደንብ በጨዋታውና በሕጉ



በዚህ ሴሚስተር ለዝግጅት ክፍላችን ከደረሱት ጥያቄዎች መካከል በርከት ያሉት የመጡት ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ ተሰብስበው «ሳይበርፐንክ ሬድ» የተባለውን የጠረጴዛ ጨዋታ ከሚጫወቱ ተማሪዎች ነው። ጥያቄዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ የጨዋታውን የሀኪንግ ደንብ «አብራሩልን፤ ሁልጊዜ የምንጣላው እዚያ ላይ ነው» የሚሉ ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ «ይህን በእውነተኛው ዓለም ብንሞክረው ሕጉ ምን ይለናል?» ብለው ይጠይቃሉ። ሁለቱን ለየብቻ ልንመልስ ነበር ያሰብነው። ነገር ግን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው አንዱ ሌላውን የሚያብራራ ሆኖ ስላገኘነው በአንድ ጽሑፍ ይዘናቸው ቀርበናል።

ጨዋታው ምንድን ነው?

ለማያውቁት ባጭሩ እንግለጸው። ስክሪን የለውም፤ መጽሐፍ፣ ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ ይበቃዋል። አንዱ የጨዋታ መሪ ሆኖ ታሪኩን ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ። የሚሳካና የማይሳካው በገጸ ባሕርይው ችሎታና በሚወጣው ቁጥር ይወሰናል። የመጀመሪያውን እትም ማይክ ፖንድስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ የጨዋታ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1988 አወጣው። እኛ ጋር የሚጫወቱት «ሬድ» የተባለው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2020 ሲሆን ታሪኩ የሚካሄደው በምናባዊው 2045 ነው። ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ ኔትዎርክ ሰብሮ የሚገባ ባለሙያ ነው፤ «ኔትረነር» ይሉታል።

ስለ ዳይሱ አንድ ነገር እናስቀድም። ነርድ የተባለውን ጨዋታ የሚነቅፍ ሐዲስ በሶሒሕ ሙስሊም ውስጥ እንዳለ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ያለ ቁማር በሚደረግ የዳይስ ጨዋታ ላይ ፍርድ መስጠት የእኛ ድርሻ አይደለምና ዓሊሞችን ጠይቁ። እስከዚያው ግን መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከ1 እስከ 10 ቁጥር የተጻፈባቸውን አሥር ወረቀቶች አጣጥፎ በከረጢት ውስጥ አድርጎ አንዱን ማውጣት፣ ካነበቡም በኋላ መልሶ መክተት። ዕድሉ ያው ነው፤ ጨዋታውም አይጎድልበትም። ከዚህ በኋላ «ቁጥር ማውጣት» ስንል በሁለቱም መንገድ ውሰዱት።

ሁልጊዜ የሚያጣሉት ነጥቦች

1. ኔትረነሩ የት መቆም አለበት? በቀድሞው እትም ሀከሩ ቤቱ ተቀምጦ የፈለገበት ኔትዎርክ ውስጥ ይገባ ነበር። ውጤቱም እሱ ብቻውን ለረጅም ጊዜ ሲጫወት ሌሎቹ ቁጭ ብለው ማየት ሆነ። በሬድ ይህ ተቀይሯል። በታሪኩ ውስጥ ራሽ ባርትሞስ የተባለ ሀከር በለቀቀው ቫይረስ የዓለም ኔትዎርክ ስለፈራረሰ እያንዳንዱ ሕንጻ የየራሱ ዝግ ኔትዎርክ አለው። ስለዚህ ኔትረነሩ ከጓደኞቹ ጋር በአካል ወደ ሕንጻው መሄድና ከመግቢያ ነጥቡ በ6 ሜትር ርቀት ውስጥ መሆን አለበት። «ከውጭ መኪና ውስጥ ሆኜ» የሚለው ክርክር የሚያስኬደው መግቢያ ነጥቡ ከመኪናው 6 ሜትር ካልራቀ ብቻ ነው።

2. በአንድ ተራ ስንት ነገር ማድረግ ይችላል? ተራ ሲደርሰው መንቀሳቀስ ይችላል። ከዚያ በተጨማሪ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ እንደማንኛውም ሰው አንድ የአካል ድርጊት (መተኮስ፣ በር መግፋት)፣ ወይ የኔትዎርክ ድርጊቶቹን። ሁለቱንም በአንድ ተራ ማድረግ አይፈቀድም። የኔትዎርክ ድርጊቶቹ ብዛት በ«ኢንተርፌስ» ደረጃው ይወሰናል፤ ከ1 እስከ 3 ደረጃ ላለው 2፣ ከ4 እስከ 6 ላለው 3፣ ከ7 እስከ 9 ላለው 4፣ 10 ለደረሰ 5።

3. ኔትዎርኩ ምን ይመስላል? መጽሐፉ ፎቅ በፎቅ የሚወረድበት ሕንጻ አድርጎ ይስለዋል። ለእኛ ለባሌዎች የሚቀርበው ምሳሌ ሶፍ ዑመር ዋሻ ነው። ከአፉ ትገባላችሁ፤ ከአንዱ አዳራሽ ወደ ሌላው ታልፋላችሁ፤ ቀጣዩ ውስጥ ምን እንዳለ መንገድ የሚያውቅ ካልነገራችሁ በስተቀር ደርሳችሁ ነው የምታዩት። በጨዋታው ያንን መንገድ አዋቂ የሚተካው «ፓዝፋይንደር» የተባለው ችሎታ ነው፤ ወደፊት ያሉትን ፎቆች ያሳያል። በየፎቁ የሚገኘው ከአራት አንዱ ነው፦ የይለፍ ቃል፣ ፋይል፣ ካሜራና በር የመሰለ መሣሪያ የሚታዘዝበት መቆጣጠሪያ፣ ወይም «ብላክ አይስ» የተባለ ጠባቂ ፕሮግራም።

4. የትኛው ችሎታ ለየትኛው? ግራ መጋባቱ የሚበዛው እዚህ ነው። «ባክዶር» የሚሠራው ለይለፍ ቃል ብቻ ነው፤ ጠባቂ ፕሮግራምን በባክዶር ማለፍ አይቻልም። ጠባቂውን ወይ በ«ስላይድ» ታመልጡታላችሁ፣ ወይ በ«ዛፕ»ና በሌሎች የማጥቂያ ፕሮግራሞች ትዋጉታላችሁ። «አይዲ» የፋይሉን ምንነት ይለያል፤ «ኮንትሮል» መሣሪያውን ያዛል፤ «ክሎክ» ዱካን ይሸፍናል። «ቫይረስ» የሚቀመጠው የመጨረሻው ፎቅ ላይ ከተደረሰ በኋላ ብቻ ነው።

5. እኩል ቢወጣስ? የኢንተርፌስ ደረጃውና የወጣው ቁጥር ተደምረው ከበሩ የክብደት ቁጥር መብለጥ አለባቸው። እኩል ከሆነ ያሸነፈው ተከላካዩ ነው። ለምሳሌ ደረጃው 4 የሆነ ኔትረነር ክብደቱ 8 የሆነ የይለፍ ቃል ቢገጥመው 4 ቢያወጣ ድምሩ 8 ነው፤ አልገባም። 5 እና ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። ከአሥሩ ወረቀቶች የሚያስገቡት ስድስቱ ናቸው ማለት ነው።

6. ሮጦ ቢወጣስ? ራሱን በሥርዓት ነቅሎ ለመውጣት አንድ የኔትዎርክ ድርጊት ያስፈልገዋል። ከ6 ሜትሩ ክልል ከራቀ ወይም ራሱን ስቶ ከወደቀ ግን ግንኙነቱ በድንገት ይቋረጣል። ያን ጊዜ መንገድ ላይ አግኝቷቸው ሳያጠፋቸው ያለፈው ጠባቂ ፕሮግራሞች ሁሉ ጉዳታቸውን ያደርሱበታል። «ስላይድ አድርጌ አልፌዋለሁ፤ አበቃ» የሚሉ ወንድሞች ይህን ልብ ይበሉ፤ ያለፉት ጠባቂ ከኋላ አለ።

7. «ኢፍሪት» ምን ይሠራል? ሕንጻውን ከሚጠብቁት ፕሮግራሞች አንዱ በመጽሐፉ ኢፍሪት ተብሏል። ስሙ ከዐረብኛ የተወሰደ ነው፤ በሱረቱ ነምል በነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ.) ታሪክ ውስጥ እናውቀዋለን። በጨዋታው ውስጥ ግን ካሜራና በር የሚቆጣጠር ሶፍትዌር ብቻ ነውና ስሙ ያስደነገጣችሁ ተረጋጉ። ስሙን መቀየር ለሚፈልግ ጠረጴዛም ደንቡ አይነካም።

ጨዋታው የማይጠይቀው ጥያቄ

እስካሁን ያየናቸው ሰባት ነጥቦች በሙሉ የሚመልሱት አንድ ጥያቄ ነው፦ ይቻላል ወይስ አይቻልም? በሩ ምን ያህል ከባድ ነው፣ እኔስ ምን ያህል ጎበዝ ነኝ፣ የወጣው ቁጥርስ? ቁጥሩ ከበለጠ በሩ ይከፈታል፤ የተከፈተ በርም የገባው ሰው ነው። በመጽሐፉ ሠንጠረዦች ውስጥ «ባለቤቱ ፈቅዷል ወይ?» የሚል ረድፍ የለም። ይህ የጨዋታው ጉድለት አይደለም፤ ሕግ ስለጠፋበት ከተማ የሚተርክ ጨዋታ ነውና።

ችግሩ የሚመጣው ይህን ልማድ ከጠረጴዛው ይዘን ስንነሳ ነው። የሀገራችን ሕግ ቀድሞ የሚጠይቀው ጨዋታው ያልጠየቀውን ነው። «ይቻላል ወይ?» አይልም፤ «ተፈቅዶልሃል ወይ?» ይላል።

የሀገራችን ደንብ

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 706 ጀምሮ ስለ ኮምፒዩተር የሚናገሩ ጥቂት አንቀጾች ነበሩ። በ2008 በእነርሱ ፋንታ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ወጣ። ለእኛ ጉዳይ ዋናው አንቀጽ 3 ነው፤ አዋጁ ድርጊቱን «ሕገወጥ ደራሽነት» ይለዋል። ሐሳቡ በቀላል አማርኛ ይህ ነው፦ ማንም ሰው ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ፣ አስቦበት፣ የኮምፒዩተር ሥርዓትን፣ ዳታን ወይም ኔትዎርክን በሙሉም ሆነ በከፊል ቢደርስበት ያስቀጣዋል።

ሁለት ነገሮችን አስተውሉ። አንደኛ፣ ለመቀጣት መስረቅ ወይም ማበላሸት አያስፈልግም፤ መግባቱ ራሱ ይበቃል። «ምንም አልነካሁም፤ አይቼ ነው የወጣሁት» የሚለው ንግግር ከክሱ አያድንም። ሁለተኛ፣ አዋጁ ስለ በሩ ጥንካሬ አይጠይቅም። ይለፍ ቃሉ 1234 ቢሆን፣ ኮምፒዩተሩ ሳይዘጋ ቢተው፣ ጓደኛችሁ ስልኩን አልጋው ላይ ረስቶት ቢሄድ፣ ፈቃድ ካልተሰጣችሁ ፈቃድ የላችሁም።

ቅጣቱም ደረጃ አለው። የተገባበት የግለሰብ ከሆነ እስከ 3 ዓመት የሚደርስ ቀላል እስራት ወይም ከ30,000 እስከ 50,000 ብር መቀጮ ወይም ሁለቱም ነው። ለድርጅት፣ ማለትም ሕጋዊ ሰውነት ላለው ተቋም ብቻ አገልግሎት የሚውል ሥርዓት ከሆነ ከ3 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ30,000 እስከ 50,000 ብር ይሆናል። ቁልፍ የመሠረተ ልማት ሥርዓት ከሆነ ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ50,000 እስከ 100,000 ብር ነው። በጨዋታው ወደ ታች በወረዳችሁ ቁጥር የሚከብደው በሩ ነው። በሕጉ የሚከብደው ቅጣቱ ነው፤ ክብደቱም የሚለካው በእናንተ ችሎታ ሳይሆን ቤቱ የማን እንደሆነና ስንት ሰው በእሱ እንደሚኖር ታይቶ ነው።

የጨዋታውን ችሎታዎች ከአዋጁ ጋር ብናገጣጥማቸው ባክዶር በአንቀጽ 3 ሥር ይወድቃል። በጋራ ዋይፋይ ላይ የሌሎችን ግንኙነት ማዳመጥ አንቀጽ 4 ነው፤ ሕገወጥ ጠለፋ። የሌላውን ሥርዓት ማደናቀፍ አንቀጽ 5፣ ዳታ ማጥፋት ወይም መለወጥ አንቀጽ 6። ከአንቀጽ 7 ብዙ ተማሪ የማያውቀው ነገር አለ፤ ራሳችሁ ባትገቡም እንኳ ሌላ ሰው እንዲገባበት የይለፍ ቃል ያለ ፈቃድ አሳልፎ መስጠት በራሱ ያስጠይቃል። «እኔ ፓስወርዱን ነው የሰጠሁት» ማለት «ቁልፉን ነው ያቀበልኩት» እንደማለት ነው።

«ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ» የሚለው ሐረግ የተለየ ትኩረት ይፈልጋል። በጎባ ካምፓስ ላሉ የጤና ተማሪዎች የሚቀርብ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ተማሪ ለልምምድ በወጣበት ሆስፒታል የሚከታተለውን ታማሚ መረጃ በኮምፒዩተር እንዲያይ የራሱ መግቢያ ተሰጠው እንበል። በዚያው መግቢያ የሰፈሩን ሰው ስም ጽፎ «ምን ታሞ ነው የተኛው?» ብሎ ቢያይ ምንም በር አልሰበረም፤ የገባው በራሱ ስምና በራሱ ይለፍ ቃል ነው። ፈቃዱ ግን እስከዚያ አልደረሰም። የኮምፒዩተር ላብ እንዲጠግን ቁልፍ ተሰጥቶት የውጤት ፋይል የሚከፍት ልጅም ከዚህ አይለይም።

መጋቢት 7 ቀን 2016

ይህ ሩቅ ነገር እንዳይመስላችሁ ሁላችንም የምናስታውሰውን እናንሳ። ረመዷን በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ለቅዳሜ መጋቢት 7 ቀን 2016 አጥቢያ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት በተፈጠረበት ችግር ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበራቸው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ የቻሉባቸው ሰዓታት ነበሩ። ወሬው በስልክ ሲዛመት በየዩኒቨርሲቲው ባሉ የገንዘብ ማውጫ ማሽኖች ፊት ሌሊት ሰልፍ ተሠራ። ባንኩ ቆይቶ እንዳስታወቀው የሳይበር ጥቃት አልነበረም፤ ሀከር የለም፤ የተሰበረ ይለፍ ቃል የለም። ከዚያ የተከተለውን ታውቃላችሁ። ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪዎቻቸው «ያልሆነ ገንዘብ የወሰዳችሁ መልሱ» የሚል ማስታወቂያ አወጡ፤ ባንኩም በፈቃዳቸው የሚመልሱ እንደማይከሰሱ ገልጾ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ እስከመለጠፍ ደረሰ።

ጉዳዩ ሀኪንግ ስላልነበረ ከላይ ያየነው አንቀጽ 3 አይደለም የሚገዛው። እዚህ ያነሳነው በዚያ ሌሊት ከብዙ አንደበት የተሰማው ንግግር ከጨዋታው ደንብ ጋር አንድ ስለሆነ ነው፦ «ማሽኑ ሰጠኝ።» ቁጥሩ በልጧል፣ በሩ ተከፍቷል፣ ስለዚህ የእኔ ነው። ማሽን ግን ገንዘቡን የመፍቀድ ሥልጣን የለውም፤ የሚፈቅደው ባለቤቱ ነው። ይህን ያወቁ ተማሪዎች ሰልፉን አይተው ወደ ዶርማቸው ተመለሱ፤ ስማቸው የትም አልተለጠፈም።

ለእኛ አዲስ ያልሆነ ነገር

ሕጉ «መግባቱ ብቻ ለምን ያስቀጣል?» ብሎ የሚገረም ወንድም የኢስቲእዛንን አደብ ያስታውስ። ሱረቱ ኑር ከ27ኛው አንቀጽ ጀምሮ የሰው ቤት ከመግባታችን በፊት ፈቃድ እንድንጠይቅና ሰላምታ እንድናቀርብ ያዘናል፤ ተመለሱ ከተባልንም እንድንመለስ። በቡኻሪ በተዘገበው ሐዲስ ደግሞ አንድ ሰው በቀዳዳ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ክፍል አጮልቆ ባየ ጊዜ የተነገረው ተግሣጽ የፈቃድ መጠየቅን ሥርዓት ከዓይን ጋር ያያይዘዋል። ያ ሰው እግሩን አላስገባም፤ ዕቃም አልወሰደም። ያየው ማየት የማይገባውን ነው። ሱረቱል ሑጁራት በ12ኛው አንቀጽ የሰውን ምስጢር መሰለልን ይከለክላል። የባሌ ደጋ ሰውም ከሮቤ ወጣ ብላችሁ ብታዩት እንግዳ ሆኖ ሲመጣ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይጣራል፤ በረቱ ክፍት ነው ብሎ ሰተት አይልም። ስክሪን አዲስ ነገር ነው፤ የሰው ደጅ ግን አዲስ አይደለም።

ታዲያ በምን እንማር?

«እንዲህ ከሆነ ሀኪንግ አትማሩ ማለታችሁ ነው?» ለሚሉን መልሳችን በጭራሽ የሚል ነው። ሀገራችን የሚጠብቃት ሰው ትፈልጋለች፤ መጠበቅ የሚችለውም እንዴት እንደሚሰበር ያወቀ ነው። የተፈቀደው መንገድ ሰፊ ነው።

በመጀመሪያ የራሳችሁን ቤት ስበሩ። በአንድ ላፕቶፕ ላይ ሁለት ምናባዊ ኮምፒዩተሮችን ጭኖ አንዱን ከሌላው ማጥቃት ይቻላል። ለልምምድ ተብለው ሆን ተብሎ ቀዳዳ የተተወባቸው ነፃ ፕሮግራሞች አሉ፤ «ጁስ ሾፕ» አንዱ ነው። አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ መስመር በሚቆራረጥበት ጊዜ ጥቅሙ ብዙ ነው።

ሁለተኛ፣ ለዚሁ የተዘጋጁ ውድድሮች አሉ። የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ «ፒኮ ሲቲኤፍ» በነፃ ለጀማሪ ይሆናል። በሀገራችንም የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ተሰጥኦ ያላቸውን ወጣቶች በሳይበር ታለንት ማዕከሉ አወዳድሮ በክረምት ያሠለጥናል፤ ጥሪው ሲወጣ በዚሁ ጋዜጣ እናሳውቃለን፤ ኢንሻ አላህ።

ሦስተኛ፣ የሰው ሥርዓት የምትፈትሹ ከሆነ ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን። ጽሑፉ ማን እንደፈቀደ፣ የትኛው ሥርዓት እንደሚፈተሽ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነና ምን እንደማይነካ ይናገር። በቃል «ችግር የለም፤ ሞክሩት» ያለ ሰው በኋላ አላልኩም ሊል ይችላል፤ መፍቀድ የሚችል ሰው ላይሆንም ይችላል። ሳትፈልጉት ቀዳዳ ካጋጠማችሁ ደግሞ ያያችሁበት ቦታ ላይ ቁሙ፤ «እስከ የት ይደርሳል?» ብላችሁ አትግፉት፤ ለጓደኛ አታሳዩት፤ ለባለቤቱ አሳውቁ።

ለቅዳሜዎቹ ተጫዋቾች

በመጨረሻ ለጠረጴዛችሁ አንድ ተጨማሪ ደንብ እናቀርባለን። በሚቀጥለው ጨዋታ መሪው ኔትረነሩን በሌብነት ሳይሆን በውል ያሠማራው። የሕንጻው ባለቤት ራሱ ቀጥሮት «እስከ አራተኛው ፎቅ ድረስ ፈትሽልኝ፤ ከዚያ በታች አትውረድ» የሚል ወረቀት ይስጠው። አምስተኛው ፎቅ ላይ ግን ትልቅ ዋጋ ያለው ፋይል ይቀመጥ፤ በሩም ቀላል፣ ክብደቱ 6 ብቻ ይሁን። ኔትረነሩ ደረጃ 6 ከሆነ ማንኛውም ቁጥር ማለት ይቻላል ያስገባዋል፤ የሚያስፈራው 1 ብቻ ነው። ስለዚህ ዳይሱም ወረቀቱም አይወስንለትም፤ ራሱ ይወስናል። ከወረደ የሚከተለውን ጓደኞቹም አብረው ይቅመሱት፦ ውሉ ይፈርሳል፣ ስሙ ይጠፋል፣ ቀጣይ ሥራ አያገኝም።

ጥያቄ ያላችሁ ከመግሪብ ሶላት በኋላ የዝግጅት ክፍሉን አባላት አግኙን። አላህ በያዝነው ዕውቀት የምንጠቅም ያድርገን፤ ወቢላሂ ተውፊቅ።